የልብስ ማድረቂያው አልሞቅ ሲላችሁ መጀመሪያ ቱቦውን እዩ

ይህን የምጽፈው ማንም ስላልነገረኝ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብሬም አይባክንም፣ የእናቴ ነጠላም አይቃጠልም ነበር።

የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ግቢ ውስጥ ይተኛል። ገመድ ላይ የሰጣችሁት አንሶላ ውሎ አድሮ ያው እርጥብ ነው፤ ከዚያ መሽተት ይጀምራል። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ጠዋት ያሰጣችውን ከሰዓት አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ትከታለች። ቁልቁል አንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ የአየሩ ልዩነት ይገርማል። እኛ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አልጋ ላይ የምትሸና ትንሽ ልጅም አለችን። ስለዚህ ታላቅ እህቴ ከዱባይ ጠቅልላ ስትገባ ይዛው የመጣችውን ልብስ ማድረቂያ ማሽን "ውሰዱት" ስትለን ዓይናችንን አላሸንም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስገባ። ከአሜሪካ ማድረቂያ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ "ተው" በሉት። የዚያ አገሩ ሞተር የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ ማሞቂያው በ240፣ ድግግሞሹም 60 ኸርዝ ነው። እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነን። ትራንስፎርመር ገዝቼ እገላገላለሁ የሚል ሰው አያልቅለትም። የዱባዩ ግን ከኛው ጋር ይሄዳል።

የኛ ማሽን ሞቃቱን አየር በቱቦ ወደ ውጭ የሚተፋ ዓይነት ነው። ስትከፍቱት ውስጡ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ፋን አየር ይስባል፣ አየሩ ሬዚስታንሱን (በኤሌክትሪክ የሚግለውን ማሞቂያ) አልፎ ይሞቃል፣ ድራሙ ውስጥ ካለው ልብስ እርጥበት ይቀበላል፣ ብናኝ በሚይዘው ወንፊት በኩል አልፎ ይወጣል። ድራሙንና ፋኑን የሚያዞረው አንድ ሞተር ነው፤ ድራሙን የሚጎትተው በቀጭን ቺንጋ ነው። ዋና ዋናው ይሄ ነው።

ቀላል ቀላሉን ብልሽት ቶሎ ልበል። ጭራሽ አልነሳ ካለ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ፤ መብራት ካለው በሩ ሲዘጋ ቀጭ ይላል ወይ ብላችሁ አድምጡ፤ ካላለ የበሩ ስዊች ነው። የሞተሩ ድምፅ እየተሰማ ድራሙ ከቆመ፣ በሩን ከፍታችሁ ድራሙን በእጃችሁ አዙሩት፤ ያለ ምንም ትግል ከዞረ ቺንጋው ተበጥሷል። እም እያለ አልነሳም ካለ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ (ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘው ዕቃ) ነው። እሱን ግን ዝም ብላችሁ እንዳትነኩት፤ ማሽኑ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ሲጢጥ የሚል ከሆነ ድራሙ የሚንከባለልባቸው ጎማዎች አልቀዋል። ልብሱ ገና እርጥብ ሆኖ "ደርቋል" ብሎ የሚያቆም ከሆነ ደግሞ ድራሙ አፍ አካባቢ ያሉትን ሁለት የብረት ዘንጎች በአቼቶ ጥረጉ። እርጥበት የሚለኩት እነሱ ናቸው፣ የልብስ ማለስለሻ ይሸፍናቸዋል።

የኛ ማሽን ከነዚህ አንዱም አልነበረበትም። ድራሙ ይዞራል፣ ፋኑ ይነፍሳል፣ የሚነፍሰው ግን ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ በፊት ቀስ በቀስ መድረቂያው ጊዜ እየረዘመ መጥቶ ነበር። ይሄ ዋናው ምልክት ነው። ማንም አላለኝም።

በጭነት ባጃጅ አስጭነን ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ስሙን አልጠራም። ሰውየው ጫፉን እንኳ ሳይከፍት፣ ቆሞ አይቶት ብቻ፣ "አብሽሪ እህቴ፣ ሬዚስታንሱ ነው" አለኝ። "በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ አልለካኸውም እኮ" ስለው ሳቀ። "እኔ በድምፁ ነው የማውቀው።" በድምፁ! የማይሞቅ ነገር ምን ድምፅ አለው?

ከዚያ "ነገ" ተጀመረ። ነገ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ነገ መንገድ ነው። ነገ ልጁ ታሟል። ከስንት ምልልስ በኋላ "አዲስ ሬዚስታንስ ገባለት" ተባልኩና ከፈልኩ፤ ክፍያው ቀላል አልነበረም። አሮጌውን ስጠኝ አልኩት። "ምን ያደርግልሻል? ተጣለ።" ደረሰኝ ስለው ማሽኑ ተበላሽቷል አለ። የጥገና ዕቃ የሞላበት ቤት ውስጥ የደረሰኝ ማሽን ብቻ የሚጠግን ሰው ጠፋ።

ቤት አምጥተን ስንከፍተው እሳት ሆነ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። የልጅቷ ፍራሽ ልብስ ወዲያው ደረቀ። ቀጥሎ የገባው የእናቴ ነጠላ ነው። ሲወጣ ጥለቱ አካባቢ ቡናማ ሆኗል፣ ቤቱም ጭስ ጭስ ይላል። እናቴ ነጠላውን ዘርግታ አየችው፣ አጠፈችው፣ ምንም አላለችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማኑዋሉ "ክዳኑን አትክፈቱ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አስመጡ" ይላል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቢገኝ እንኳ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ነቀልኩት፣ ከግድግዳው ሳብኩት፣ ካቻቢቴ ይዤ የኋላውን ቆርቆሮ ፈታሁ።

ሬዚስታንሱ በላሜራ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ሳጥኑን የያዙት ብሎኖች ዝገታቸው እንዳለ ነው፣ ካቻቢቴ የነካው ራስ የለም። ሳጥኑ ላይ ብናኙ ተጋግሮ ተቀምጧል። አዲስ የገባ ዕቃ የለም ማለት ነው። ከሳጥኑ ጎን ላይ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ነጭ ነገር በአንድ ብሎን ተንጠልጥላለች። ቴርማል ፊውዟ ናት። ሁለቱ ሽቦዎቿ ከሷ ተነቅለው፣ ጫፋቸው ተልጦ፣ እርስ በርስ ተጠምዝዘው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

ዳይሬክት አደረገው፣ ፊውዟን ዘሎ ሽቦዎቹን አገናኘ ማለት ነው። በቃ፣ የሠራው ሥራ ይህ ነው።

ፊውዟ ለምን እንዳለች ልንገራችሁ። በኛ ማሽን ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት የተገጠመው አየሩ በሚወጣበት በኩል ነው። አየሩ ከታፈነ ሙቀቱ ወደሱ አይደርስም፤ እሱም "ገና ቀዝቃዛ ነው" ብሎ ይቀጥላል። ሬዚስታንሱ አጠገብ ግን ይጋያል። ያኔ ፊውዟ ትቀልጥና መስመሩን ትቆርጣለች። አንዴ ከተቆረጠች አትመለስም፤ ቤት እንዳይቃጠል ራሷን ትገድላለች። አንዳንድ ማሽን ላይ በፊውዝ ፈንታ ከኋላ ተጭኖ የሚመለስ ትንሽ ቁልፍ አለ፤ እሱን ፈልጉ፣ ካለ ያለ ምንም ወጪ ትገላገላላችሁ። የኛ የለውም። ሰውየው ያደረገው ያንን ጠባቂ ማባረር ነው፤ ማሽኑ የሚቆምበትን ምክንያት ሳይነካ።

ተመለስኩ። ናስትሮውን በላስቲክ ይዤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አላፈረም። "ሞቋል አልሞቀም?" አለኝ። ሞቋል። "እንግዲያ! እዚህ አገር ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ፊውዝ ከየት ይመጣል?" ሬዚስታንሱስ አልኩት፣ የተከፈለበት? "ጸድቷል" አለ። ያን ሁሉ ብር ከፍዬ ማለት ነው፣ እሱም ያልጸዳውን።

ቅሬታ ይቀበላል ወደተባልኩት ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው ክፍል ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ኃላፊው፣ ኃላፊው ስብሰባ። ሲገኝ የመጀመሪያ ጥያቄው "ደረሰኝ?" ሆነ። ቅሬታዬ ደረሰኝ አልሰጠም የሚል ነው፤ ለቅሬታው ደረሰኝ አምጪ ተባልኩ። "ጌታዬ፣ ደረሰኙ ቢኖረኝ ግማሹ ጉዳይ አልነበረም እኮ" ብለው፣ "እህት፣ እኛ በወረቀት ነው የምንሠራው" አለኝ። የተቃጠለውን ሽቦ ላሳየው ስል እጁን አነሳ፣ የሆነ ቆሻሻ ያመጣሁበት ይመስል። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ማኅተም ተመታ፣ እስካሁን የደወለልኝ የለም። አሁንም በዚያ ሕንፃ ፊት ሳልፍ ይንቀለቀልብኛል።

ከዚህ የያዝኩት ምክር እንዲህ ነው፦ ማሽን ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት የኋላውን ከፍታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ሽቦ። ስትረከቡም እዚያው ቆማችሁ አስከፍቱት። "አሮጌውን ዕቃ ካላስረከብክ አልከፍልም" በሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን። ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ እኔን የጎዳኝ "አብሽሪ" ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ርካሽ ቴስተር ገዛሁ። ሬዚስታንሱን ስለካው 25 ኦም አካባቢ አሳየ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፦ 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 24 ኦም ገደማ ነው የሚሆነው። ሬዚስታንሱ ከጥንትም ጤነኛ ነበር። ተበጥሶ ቢሆን ቴስተሩ ምንም አያሳይም። ፊውዟን ስለካት ደግሞ ዝም፤ ሞታለች። መለካት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ይህን ነው በድምፁ አውቀዋለሁ ያለኝ።

ፊውዟ ላይ የሙቀት ልክና አምፔር ተጽፏል። የአጎቴ ልጅ መርካቶ ፎቶውን ይዞ ዞረ፣ ልክ ያንኑ ቁጥር አግኝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። "ትንሽ ከፍ ያለ አለ፣ ይሠራልሻል" ብለውት ነበር። አይሆንም። ከፍ ያለ ፊውዝ ማለት ዘግይቶ የሚነቃ ጠባቂ ማለት ነው። ቁጥሩ ሳይመሳሰል እንዳትገዙ፤ ስትገዙ ደግሞ ሁለት ግዙ።

ነገር ግን ፊውዝ ቀይሮ መዝጋት ሞኝነት ነው። ፊውዝ ያለ ምክንያት አይሞትም፣ አዲሷም ትከተላለች። ስለዚህ ቱቦውን አወጣሁ። ያ የሚታጠፍ፣ እንደ ላስቲክ የሚጨማደድ ቱቦ ነው፤ ሁለት ቦታ ታጥፎ ግድግዳውን ይበሳና ጣራው ሥር ይወጣል። መውጫው ላይ ግንበኛው አይጥ እንዳይገባ ብሎ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት መቶበታል። አስቦ ነው፣ አልፈርድበትም። ብናኙ ግን እዚያ ወንፊት ላይ ተጠራቅሞ፣ ከጉሙ እርጥበት ጋር ተጋግሮ፣ ስጎትተው እንደ ባና አንድ ሆኖ ወጣ። ግራጫ፣ ወፍራም፣ በመቀስ የሚቆረጥ። በዚያ ውስጥ ትንፋሽ አያልፍም። መድረቂያው ጊዜ እየረዘመ የመጣው፣ ፊውዟም የሞተችው ለዚህ ነው። ያ ብናኝ ደግሞ ክብሪት ቢነካው ወዲያው ይያያዛል፤ ሰውየው ፊውዟን ያባረረው በሱ ላይ ነው።

የሽቦ ወንፊቱን አስነሳሁና አየር ሲገፋው የሚከፈት፣ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን አስገጠምኩ። የሚጨማደደውን ቱቦ ጥዬ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የላሜራ ቱቦ አሠራሁ፤ ቆርቆሮ ሠሪዎቹ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። መታጠፊያውን አንድ ብቻ አደረግን። መጋጠሚያውን በብሎን እንዳታስይዙ፤ የብሎኑ ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባና ብናኝ ይይዛል።

ማኑዋሉ ከያንዳንዱ ማድረቅ በኋላ የውስጡን ወንፊት አጽዱ ይላል፣ እስማማለሁ። ግን በእጅ ማራገፍ ብቻውን አይበቃም። ወንፊቱ ላይ ውኃ አፍስሱበት፤ ውኃው ካላለፈ ማለስለሻው ሸፍኖታል፣ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠብ። ማኑዋሉ ስለ ውጭው ቱቦ የሚለው አንድ መስመር ነው፤ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ ንቀሉትና ውስጡን እዩ። እጃችሁን መውጫው ላይ አድርጉ፤ ነፋሱ ደከም ካለ ከጥገና ቤት በፊት ቱቦውን ጠርጥሩ።

ስትከፍቱ ደግሞ ብሬከር አጥፍቻለሁ ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ ንቀሉት። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ማሽኑን አጥፉ፣ በሩን ቶሎ አትክፈቱ፤ አየር ታስገቡለታላችሁ።

አሁን በደንብ ይሠራል። አንዳንድ ማታ ግን አሁንም ይለግማል፣ ያ ደግሞ የማሽኑ ጥፋት አይደለም። ቮልቱ ሲወርድ ሙቀቱ ከሱ በባሰ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 180 ቢሆን 2,000 ዋቱ ወደ 1,340 ይጠጋል። ማሽኑ ተበላሸ ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ሶኬቱን በቴስተር ለኩ። ለቴሌቪዥን የተገዛችውን ትንሽ ስታቢላይዘር እንዳትሰኩበት፣ አትችለውም። ዲቫይደር ላይማ በፍጹም፤ ዘጠኝ አምፔር ገደማ ይስባል፣ ረጅም ሰዓት። ምጣዱ በበኩሉ ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ከገጠሙ ብሬከሩ ዘሎ ቤቱ ይጨልማል። እናቴ ይህንን ከሰማች በኋላ ማክሰኞና ዓርብ የእንጀራ ናቸው ብላለች። በነሱ ቀን የልጅቷ አንሶላ ቢርስም ባይርስም ማድረቂያው ተነቅሎ ይውላል።