ኮሌታዬ ሥር የደበቅሁት ማተብ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ ክርስትና ከተነሣሁ ጀምሮ ከአንገቴ ተለይቶ የማያውቀውን፣ አንዱ ሲያልቅ እናቴ በሌላ እየተካች ያሰረችልኝን ጥቁር ማተብ ልብሴ ውስጥ መደበቅ ጀመርሁ። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። አንድ የዶርማችን ልጅ «አንተ ገና ሰንበት ትምህርት ቤት ነህ እንዴ?» ብሎ ሲቀልድ ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። በማግሥቱ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለበስሁ።

በመማሪያ መጻሕፍት «የአቻ ግፊት» የሚባለው ነገር በእኛ ቤት የቆየ ዘመድ አለው፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ክፉ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ይሉኝታ ቢስ ሰው የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለምና። ባደግሁበት ሰፈር ይሉኝታ ከብዙ ጥፋት ጠብቆኛል። የእኔ ችግር ሰፈሩ ሲቀየር ይሉኝታዬም አብሮ መቀየሩ ነበር፤ በጎረቤት ፊት ጾም መሻርን ያሳፍረኝ የነበረው ያው ስሜት፣ ዶርም ውስጥ መጾምን ያሳፍረኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነው እምነቴ ነው ብዬ የያዝሁት ነገር ምን ያህሉ የእኔ፣ ምን ያህሉ የጎረቤቶቼ እንደ ነበረ መጠርጠር የጀመርሁት።

የተሸነፍሁት በአንድ ረቡዕ ነው። የአንድ ጓደኛችን ልደት ስለ ነበር ከግቢ ውጭ ካለ ሥጋ ቤት ሄደን ጥብስ ታዘዘ። ረቡዕ የምንጾመው የአይሁድ ሸንጎ ጌታን ለመያዝ የመከረበትን ዕለት በማሰብ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ። «ዛሬ ረቡዕ ነው» ለማለት ሦስት ቃላት ይበቁኝ ነበር፤ ከአፌ ግን አልወጡም። «ብላ» ብሎ የጎተጎተኝ እንኳ አልነበረም፤ እጄ ከሌሎቹ እጆች ጋር ወደ ትሪው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የጴጥሮስን ክህደት ደጋግሜ አነበብሁ። በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ፣ መሣሪያ ይዘው ከመጡ ሰዎች ጋር ለመዋጋት የተነሣው ጴጥሮስ ነው፤ በዚያችው ሌሊት ግን ያሸነፈችው የአንዲት ገረድ ጥያቄ ናት። ዮሐንስ ሌሊቱ ብርድ እንደ ነበረና ሎሌዎቹ ከሰል አንድደው ሲሞቁ እርሱም አብሮአቸው ቆሞ ይሞቅ እንደ ነበረ ጽፏል። እኔን የያዘኝ ይህ እሳት ነው። ለታላቅ ፈተና ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው ተራውን ፈተና፣ ማለትም ከሚሞቁት መካከል ተለይቶ ወደ ብርዱ መውጣትን አልቻለውም። ነገሩ በዚያ ሌሊት አላበቃም፤ ከበዓለ ሃምሳ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያን ዓምድ ሆኖ ሳለ፣ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ እንደ ራቀ፣ በርናባስም አብሮ እንደ ተሳበ ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ይነግረናል። አንድ ጊዜ ታክሞ የሚድን በሽታ ቢሆን ኖሮ ጴጥሮስን ተመልሶ ባላገኘው ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ «እኔ እጾማለሁ» አልሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሙድ ያዙብኝ፤ ከዚያ ሰለቻቸው። (ከሁሉም ያልሳቀው በረመዳን ማንንም ሳያፍር ለሱሁር የሚነሣው ሙስሊሙ የዶርም ጓደኛችን ነበር፤ ከእርሱ የተማርሁትን ከብዙ ስብከት አላገኘሁም።) ቀጥሎ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ወደሚሰባሰቡበት ግቢ ጉባኤ መሄድ ጀመርሁ፤ ማተቤም ከሸሚዜ በላይ ዋለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በግቢ ጉባኤው ግን ጿሚ ተብዬ መታወቅ ጀመርሁ፤ ታናናሾቼ ምክር ይጠይቁኝ ነበር፣ እኔም ይህን ወደድሁት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌሎች እስከ 9 ሰዓት ሲጾሙ እኔ እስከ 11 እቆይ ነበር፤ መቆየቴም እንዲታወቅ ከካፌው በር አጠገብ መጽሐፍ ይዤ እቀመጥ ነበር። አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱ የሚሉት ይህን ነው። ዮሐንስ በ12ኛው ምዕራፍ፣ በጌታ አምነው ሳለ ከምኵራብ እንዳይባረሩ ፈርተው እምነታቸውን ስለ ደበቁ አለቆች ሲናገር፣ ከእግዚአብሔር ክብር ይልቅ የሰውን ክብር እንደ ወደዱ ይገልጻል። ማተቤን በደበቅሁበት ጊዜ ከእነዚያ አለቆች አንዱ ነበርሁ፤ ማተቤን ባወጣሁበትም ጊዜ ያው ነበርሁ፤ የተለወጠው ምኵራቡ ብቻ ነው።

ለንስሐ አባቴ ይህን ስናገር ብዙ አልመከሩኝም። «ልጄ፣ ማንም በማያይህ ቀን እስከ ስንት ሰዓት ትጾማለህ?» ብለው ጠየቁኝ። የዶርሙ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲያድሩ በከረሙበት የፈተና ሳምንት ከ6 ሰዓት ያለፍሁበት ቀን አልነበረምና ዝም አልሁ። የሰጡኝ ቀኖና ያልጠበቅሁት ነበር፤ ከ9 ሰዓት በላይ እንዳልጾም ከለከሉኝ፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ከእነዚያው የዶርም ልጆች ጋር በአንድ ትሪ እንድበላ አዘዙኝ። ከብዙ ስግደት ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ሰሞን ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ ፎቶ ስነሣ፣ ባለሙያው «ቀና በል» ባለኝ ቅጽበት እጄ ሳላዝዘው ወደ ኮሌታዬ ሄደ። ማተቤን ልደብቅ ይሁን ላሳይ እስካሁን አለየሁትም።