ሦስት ፕሮፎርማ የማይነግሩን

በባሕር ዳር ሆቴሎች የግዥ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ከሦስት ፕሮፎርማዎች ዝቅተኛውን መርጦ ስንት ብር እንዳተረፈ ታይቶ ነው። እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ስለምገኝ ቁጠባን አላቃልልም፤ ሆኖም ግዥ ለድርጅት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም በዋጋ ማነጻጸሪያው ቅጽ ላይ የማይሰፍረው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዓሣን እንውሰድ። ከጣና የመጣ ቆሮሶ የሚረከብ ሰው ሚዛኑን ከማንበቡ በፊት ስንጥቡን ገልጦ ቅላቱን፣ ዓይኑ አለመደፍረሱን፣ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት ተመልሶ መነሣቱን ያያል። ይህን ፈተና ያላለፈ ዓሣ በኪሎ ቢረክስም ወጥ ቤት ሲደርስ ከፊሉ ይጣላል።

ከዚያ በላይ የት ተያዘ የሚለው ጥያቄ አለ። በጣና ብቻ ከሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርከት ያሉት በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሞተር ጀልባና በመረብ ማስገር ከተጀመረ በኋላ፣ ዕንቁላል የያዙት ዓሦች በወንዞቹ መግቢያ ላይ በብዛት እየተጠመዱ ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። ስለዚህ በነሐሴ ከወንዝ አፍ የተያዘ ዓሣ ረከሰልኝ ብሎ የሚገዛ ሆቴል የራሱን የከርሞ አቅርቦት እየበላ ነው፤ ይህን የሚያስቆመው ሕግ ብቻ ሳይሆን አልረከብም የሚል ገዥም ነው።

ከውጭ በሚገባ ዕቃም ነገሩ ያው ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የቆየ ፕሮፎርማ ትርጉም አጣ፤ ያን ሰሞን የጄኔሬተር ፊልትሮ ያስገኘልን ከአቅራቢው ጋር ቀድሞ የነበረን መተማመን እንጂ የድርድር ችሎታ አልነበረም።

መተማመኑ ደግሞ የሚገነባው በክፍያ ነው፤ እዚህ ላይ ከፋይናንስ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። ክፍያን በወር ማዘግየት ለጊዜው ገንዘብ በእጅ ያቆያል፤ ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ መረቡንና ቤንዚኑን የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ፣ ለሚያጓትተው ሆቴል ዋጋ ጨምሮ ይሸጣል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሌሎች ልተወውና፣ ፈላጊው በሚበዛበት በዐቢይ ጾም ሰሞን ደኅና ደኅናውን ዓሣ የሚያገኘው ወዲያው የሚከፍለው ነው።