ለካ የመረጥኩት አፈሩን ነው

ፎገራ ላይ የሩዝ ዝርያ መምረጥ የጀመርኩት በዓይኔ ነው። ማሳውን እዞራለሁ፤ ዛላው የከበደው ላይ ምልክት አስራለሁ። ሲታጨድ እመዝናለሁ። ብዙ የመዘነው ያልፋል።

በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ሁሉንም አስከነዳ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁለት። በዓመቱ ሌላ ቦታ ስንዘራው ከመሃከለኞቹ ጋር ተሰለፈ። በጣም አዘንኩ። የመስኩን ካርታ አውጥቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ያ ዝርያ የተዘራበት መደብ ያረፈው ውሃ የሚተኛበት ጥግ ላይ ነው። ጎረቤቶቹም ሁሉ ጥሩ ሰጥተዋል። ለካ የመረጥኩት አፈሩን ነው!

ከዚያ ወዲህ እርጥበቱ የሚቀራረበውን ቦታ አንድ ብሎክ አደርጋለሁ። በየብሎኩ ማን የት እንደሚዘራ ዕጣ ይወስናል። ገበሬው የሚያውቀው ኤክስ ጅግና የተባለው የሩዝ ዝርያም ለማነጻጸሪያ ይገባል። ዕጣውን የግብርና ሙከራ መሠረት ያደረገው የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ እንግሊዝ አገር በሮተምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ። የዳር ረድፎችን አልመዝንም፤ ብርሃንና ቦታ ስለሚተርፋቸው ያታልላሉ። የፍሬው እርጥበትም ይለካና ክብደቱ ወደ 14 በመቶ ይስተካከላል። እርጥብ ሩዝ ከደረቅ ጋር አይወዳደርም።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከስሌቱ ነው። ብለፕ (BLUP) የሚባል የስሌት ዘዴ አለ። አሜሪካዊው የከብት እርባታ ተመራማሪ ቻርልስ ሄንደርሰን የወተት ከብቶችን ለመምረጥ ያበጀው ነው፤ ለሩዝም ይሠራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ያየኸውን ልዩነት ሁሉ አትመን። አንድ ዝርያ ከአማካዩ በሄክታር 10 ኩንታል በለጠ እንበል። በሙከራው ከታየው ልዩነት የዘር የሆነው ድርሻ 0.4 ከሆነ፣ ወደፊት የምጠብቅለት 4 ኩንታል ብልጫ ነው። የቀረው የአፈር፣ የውሃና የዕድል ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ለዚያ መደብ ያን ያህል ባልጮህኩ። ሙከራውን በመደጋገም ይህን የዘር ድርሻ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ዘር ሲያንሰኝ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ከመድገም፣ ወደ ብዙ ቦታ መበተንን እመርጣለሁ። ብርዱም ጎርፉም በየቦታው ይለያያል። ሩዝ ዛላ ሊያወጣ ሲል ብርድ ከመታው ፍሬው ባዶ ይቀራል። ይህን ደግሞ አንድ ማሳ ብቻ አይነግረኝም።

አምና ገበሬዎችን ጠርተን የተመረጡትን አሳየናቸው። በስሌቱ አንደኛ የወጣው ቁመቱ አጭር ነበር። አንድ አባት ዳበሱትና፣ «ልጄ፣ ከብቶቼስ ምን ይበላሉ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚህ የሩዝ ገለባ የከብት መኖ ነው። ሩዙም ከጤፍ ጋር ለእንጀራ ስለሚቀላቀል ንጣቱ ይፈለጋል። እኔ ግን የመዘንኩት ፍሬውን ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ገለባውንም እየመዘንን ነው። ለፍሬው፣ ለገለባውና ለንጣቱ ስንት ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ የሚወስኑትም ገበሬዎቹ ናቸው።