ከላይ ፎቅ የሚመጣው ድምፅ

ዱባይ፣ ዴይራ ውስጥ አንዲት ክፍል ለአምስት ተከራይተን እንኖራለን። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው የሙምባይ ልጅ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ በእነሱ ደንብ «ዲዲ» እላታለሁ፤ እትዬ እንደማለት ነው። ሁለታችንም ሆቴል ክፍል እናጸዳለን። ሂንዲም ያስለመደችኝ እሷ ናት።

አንድ ማታ «ነይ ፊልም እንይ» አለችኝ። ደስ አላለኝም። የህንድ ፊልም ሲባል ትዝ የሚለኝ እናቴ በልጅነቷ መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ እየገባች ያየችው ነው። ዘፈን፣ ዕንባ፣ የተጠፋፉ ወንድማማቾች፣ ብቻውን ሃያ ሰው የሚዘርር ጀግና። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስቀይር ውዬ ለዚያ አቅም አልነበረኝም።

ዲዲ የከፈተችው «ዘ ላንችቦክስ» ነበር፤ ሪቴሽ ባትራ የሠራው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ። ሙምባይ ውስጥ ዳባዋላ የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። ከየቤቱ ምሳ ዕቃ ሰብስበው በባቡርና በብስክሌት ቢሮ ድረስ ያደርሳሉ፣ ከሰዓት ባዶውን ይመልሳሉ። ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ሥራ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ምልክት እያዩ ነው የሚያደርሱት፤ አይሳሳቱም ይባላል። በፊልሙ ግን አንዱ ምሳ ዕቃ ይሳሳታል። ኢላ የምትባል ባለትዳር፣ ፊት የነሳትን ባሏን በእጇ ሙያ ልትመልስ ደክማ የሠራችው ምግብ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ሚስቱ የሞተችበት የቢሮ ሠራተኛ ነው። ኢርፋን ካን ነው የሚጫወተው። ምሳውን ጥርግ አድርጎ ይበላና ባዶውን ይልካል። ከዚያ በምሳ ዕቃው ውስጥ ደብዳቤ መጻጻፍ ይጀምራሉ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ኢላ ወጥ ቤቷ ሆና ላይ ፎቅ ካለች ሴትዮ ጋር በመስኮት ታወራለች። «አንቲ» ትላታለች። አንቲ ፊልሙ እስኪያልቅ አትታይም። ድምፅዋ ብቻ ነው የሚመጣው። ቅመም ሲጎድል በገመድ የታሰረ ቅርጫት ቁልቁል ይወርዳል።

እዚህ ላይ አለቀስኩ። የእኔም እናት እንዲያ ናት። ምግብ ስሠራ በቦቲም እደውልና ስልኩን በርበሬው ዕቃ ላይ አስደግፈዋለሁ። ኔትወርኩ ሲደክም ምስሉ ይቆማል፣ ድምፅዋ ይቀራል። «ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ በርበሬ እንዳትጨምሪ። ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊበት።» ስድስት ዓመት የበላሁት ወጥ ሁሉ ይህ ድምፅ አለበት።

ከዚያ ወዲህ የእረፍት ቀናችን ለእነዚህ ፊልሞች ሆነ። «ኢንግሊሽ ቪንግሊሽ»ን አየን፤ ጋውሪ ሺንዴ በ2012 የሠራችው ነው። ዋናዋ ተዋናይት ስሪዴቪ ኒውዮርክ ካፌ ውስጥ በእንግሊዝኛ ማዘዝ አቅቷት፣ አስተናጋጇ አመናጭቃት ሮጣ ስትወጣ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እንግዳ የሚለው ሳይገባኝ ጮኸብኝና የአንሶላ መጋዘኑ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቻለሁ። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ለዲዲ ነገርኳት።

«ፒኩ» ደግሞ የ2015 ነው። ሆዱ ደርቆ ቤቱን ሁሉ የሚያስጨንቅ ሽማግሌና እሱን የምታስታምም ልጁ። ሽማግሌው ማን ነው? እናቴ ያኔ ሲደባደብ ያየችው አሚታብ ባቻን። ስነግራት «እሱም አረጀ?» ብላ ዝም አለች።

እነዚህን ፊልሞች የምወዳቸው ሰው ስለማይቸኩልባቸው ነው። ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት እስክትጨርስ ትታያለች። ክፉ ሰው ፈልገው አያስደበድቡም።

ባለፈው ሳምንት ምስር እየሠራሁ የኢላን ታሪክ ለእናቴ ተረኩላት። ሰውየው በመጨረሻ ቤቷን ፍለጋ ከዳባዋላዎቹ ጋር ባቡር ላይ እንደሚወጣ ስነግራት አቋረጠችኝ።

«እና ተገናኙ?»

«ፊልሙ አይናገርም እማዬ። እዚያ ላይ ያልቃል።»

ትንሽ ዝም አለች። ኔትወርኩ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

«ይገናኛሉ» አለች። «አሁን አማስዪው፣ እንዳያርርብሽ።»