«አባዬ፣ ኤንአር ነው!»

ዛሬ ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ ላይ የጭነት ባቡር ከበንበሪ ስትሪት ዋሻ ሲወጣ፣ ልጄ ገና ከሩቁ «አባዬ፣ ኤንአር ነው!» አለኝ። ሲያልፍ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ኤንአር የሚባሉት እነዚህ ሎኮሞቲቮች (ባቡሩን የሚጎትቱት ሞተሮች) 120 ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1998 የተሠሩት ናሽናል ሬይል (National Rail) ለሚባል የአውስትራሊያ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ድርጅቱ በ2002 ወደ ግል ዞረ፣ ቀለማቸውም ተቀየረ። የድርጅቱ ስም መነሻ የሆኑት ሁለቱ ፊደላት (NR) ግን ዛሬም ከየቁጥራቸው ፊት አሉ። የሚያውቅ ሰው በነሱ ነው የሚለያቸው።

በአገሩ ምዕራብ ዳር እስካለችው ፐርዝ ድረስ በረሃውን አቋርጠው ጭነት ይጎትታሉ። ልጄ የተወለደበትን አገር ስፋት በባቡር ቁጥር እየተማረው ነው፤ እኔንም እያስተማረኝ። ደስ ብሎኛል። ሜልበርን ያላችሁ ወላጆች፣ ባቡር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ቅዳሜ ይዛችሁት ኑ፣ አብረን እናያለን።