ለእሱ ማን ይመርቅለት?

ዛሬም ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴዋን ፒያሳ ሸፍኗታል። እንዲህ ባለው ቀን ልብም አብሮ ይጨፈግጋል። ቡናው ላይ መውለድ ለዘገየባት ልጅ «ማህፀንሽ ይለምልም» ተባለ። አንገቷን ደፍታ አሜን አለች። ባሏም አሜን አለ። ለእሱ ግን የመረቀ የለም።

እንቁላል ከእንቁልጢ (ከሴቷ የእንቁላል ማምረቻ) ከወጣች የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንድ ዘር ግን ሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጽንስ ሊያዝ የሚችለው እንቁላሏ በምትወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት 5 ቀናት ነው። ሰው ሁሉ የወር አበባ ከጀመረበት ቆጥሮ «14ኛው ቀን» ይላል፤ እሱ ግን የወር አበባዋ በ28 ቀን ለሚመጣ ነው። ቆጠራው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ነው። በ32 ቀን የሚመጣባት 18ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል። በ10 እና በ12 ሞክሮ በ14 «አለፈ» ብሎ የሚተው፣ በየወሩ ከደጃፉ ይመለሳል።

ከሚሊዮኖቹ ዘሮች እንቁላሏ ዘንድ የሚደርሱት ጥቂት መቶዎች ናቸው። የሚገናኙትም ማህፀን ውስጥ ሳይሆን እንቁላሏን ወደ ማህፀን በሚያደርሰው ቱቦ ሰፊ ክፍል ነው። አንዱ እንደገባ የእንቁላሏ ልባስ ጠንክሮ ለሌላው ይዘጋል፤ ሁለት ቢገቡ ክሮሞዞሙ (የዘር ውርስ ተሸካሚው) በ46 ፈንታ 69 ይሆንና ጽንሱ አይጸናም። ከዚያ ጽንሱ እየተከፋፈለ ወርዶ፣ ከተገናኙ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ማህፀን ላይ ይጣበቃል። በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ፣ ያልታከመ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ፣ ቱቦው ላይ ጠባሳ ትቶ ከሆነ ግን ወይ አይገናኙም፣ ወይ ጽንሱ እዚያው ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ይህ የእናትየውን ነፍስ ያሰጋል።

መውለድ ካልቻሉት ጥንዶች በግማሽ ገደማው የወንዱም ድርሻ አለበት። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ከ70 ቀን በላይ ይፈጃል፤ ከሁለት ወር በፊት የያዘው ብርቱ ትኩሳት ዛሬ የዘር ምርመራ ውጤቱን ሊያወርደው ይችላል። ምርመራው እኮ ቀላል ነው! ዘር ከማፍሰስ ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ፣ የዘሩን ናሙናውን በንጹህ ዕቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ማድረስ። በደሴ ብርድ ዕቃውን ከልብስ ስር ሰውነት ላይ አስጠግቶ መያዝ ነው። ውጤቱ ዝቅ ካለ ይደገማል። ዓመት ሞክረው ካልሆነ፣ ሴቷ ከ35 ካለፈች ደግሞ 6 ወር፣ ሁለቱም እኩል መመርመር አለባቸው።

ይህን ለባልየው በምን አፍ ይነግሩታል? በታላቅ ወንድሙ በኩል ይሻል ይሆን፣ ወይስ እሷው ብትነግረው?