እግሬን ማንፈራገጥ ስተው

በፍሪስታይል፣ ማለትም በደረት ተኝቼ እጆቼን በየተራ እየቀዘፍኩ፣ 25 ሜትር ዋኝቼ የገንዳውን ጠርዝ ስይዝ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር የምትመታው። አጠገቤ የሚዋኙ አንድ አዛውንት ግን ያለ ምንም ችኮላ ይመላለሳሉ። እግራቸው ውሃውን ነካ ነካ ነው የሚያደርገው።

እኔ እግር ሞተር ነው ብዬ አምን ነበር። በደከመኝ ቁጥር አብዝቼ እመታለሁ። የጭን ጡንቻ ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ኦክስጅን ይጨርሳል። አንድ ቀን ጓደኛዬ ከውሃ በታች በቪዲዮ ቀረጸኝ። ጉድ ነው! ብስክሌት የምነዳ እንጂ የምዋኝ አልመስልም። ጉልበቴ በታጠፈ ቁጥር ጭኔ ውሃውን ወደ ፊት ይገፋል። ፍሬን ይዞ ነዳጅ መስጠት ማለት ይሄ ነው። ምቱን ከዳሌ አስነስቼ፣ ጉልበቴን ላላ አድርጌ፣ ቁርጭምጭሚቴን ስለቀው ግማሹ ችግር ተቃለለ።

በእያንዳንዱ ቀዘፋ ሰውነትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎን ማዞሩ ግን አስቸገረኝ። መጀመሪያ ትከሻዬን ብቻ ሳዞር ወገቤ ተጠማዘዘ። ከዚያ ዳሌዬን ጨመርኩና አበዛሁት፤ ሙሉ በሙሉ በጎኔ ተኛሁ። ሚዛን ለመጠበቅ እግሮቼ እንደ መቀስ ተከፈቱ። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ መዞር ይበቃል። ጭንቅላት አብሮ አይዞርም፤ ዓይን ወደ ታች ነው። ለትንፋሽ ስዞርም አንዱ መነጽሬ ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ሁሉን ያገናኘልኝ የምቱ ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ እጅ አንድ ምት ብቻ። ቀኝ እጄ ውሃ ገብቶ ሲዘረጋ ግራ እግሬ ወደ ታች ይመታል። ምቱ ግራ ዳሌዬን ያነሳዋል፤ ሰውነቴም በቀኝ በኩል ይዞራል። እጄ በዚያው ይረዝማል። ለሁለት ሳምንት ያህል ቀኝን ከቀኝ ጋር እያጋጨሁ ተንገላታሁ። በኋላ ገንዳው ዳር ላይ ስራመድ ገባኝ። ስንራመድስ ቀኝ እጅ ከግራ እግር ጋር አይደል የሚሄደው? ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለ ግራ እግሬ ብቻ ነው፤ ቀኙ ራሱ ይከተላል።

ለአጭር ርቀት ፍጥነት፣ ሁለቱም እጆች አንድ አንድ ጊዜ እስኪቀዝፉ ስድስት ምት የሚመቱ አሉ። እኔ ጋ ያ ሳንባ የለም።

አሁን 400 ሜትር ሳልቆም እዋኛለሁ። በግራ በኩል ስተነፍስ ግን መቀሱ አሁንም ይከፈታል። ያንን በቪዲዮ ለማየት ገና አልደፈርኩም።